ነጭ ሽንኩርት የሸተተው ቀለበት

“ዝምታ ወርቅ ነው” የሚለው ተረት የወጣው ከለፍላፊ ሰው አፍ መሆን አለበት፤ ዝምተኛማ ቢሆን ኖሮ ተረቱንም ለራሱ ይዞት ይቀር ነበር። እኔ ዕድሜ ልኬን ዝም ብዬ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር የሰው ሚስጥር ነው። ሰው ዝምተኛ ሲያይ ጎተራ ያየ ይመስለዋል። ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ግራ ቀኙን ይቃኛል፣ ከዚያ የሆዱን ዘርግፎ ሱሪውን አራግፎ ይሄዳል። እሱ ይቀለዋል፤ እኔ እከብዳለሁ። ደግሞ “ደምሴ አዋቂ ነው፣ ሁልጊዜ ያስባል” ይሉኛል። እውነቱን ልንገራችሁ? አብዛኛውን ጊዜ የማስበው ስለ ምሳ ነው።

ግን ሚስጥርን የሚያወጣው አፍ ብቻ አይደለም። አፍንጫ የሚባል ጠላት አለ። እናንተ በግንብ ቤት የምትኖሩ ይህ ላይገባችሁ ይችላል። በእኛ ሰፈር፣ ባሮ ዳር፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አጥሩም ሸንበቆ ነው። የማን ቤት ምን እንደሚበላ ለማወቅ መጠየቅ ነውር ነው፤ አያስፈልግምና። ዓሳ የጠበሰ ጠበሰ ነው፤ ጎረቤቱ እስከ ማታ ያውቀዋል። ሽንኩርት ያቁላላማ አዋጅ እንዳስነገረ ይቆጠራል።

በዚህ ላይ የነፍሰ ጡር ነገር አለ። ሆዷ የገፋ ሴት ምግብ ሸቷት ሳትቀምስ ካለፈች፣ አምሮቱ ልጁ ላይ ይወጣል ይባላል። ጉበት አምሯት የተከለከለች እናት፣ ጉንጩ ላይ ጉበት የመሰለ ምልክት ያለው ልጅ ትወልዳለች። ስለዚህ ነፍሰ ጡር በደጅህ ስታልፍ ድስትህ ክዳን የለውም፤ ጠርተህ ታቀምሳታለህ። ይህን ነገር እኛ ደገኞቹ ይዘነው መጣን መሰለኝ፤ የጋምቤላ ሰው ደግሞ ሰምቶ ወደደው። የሚበላ ነገር ያለበት እምነት ቶሎ ይለመዳል።

ሰፈራችን ውስጥ ይህን እምነት የምትዋጋ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። ሲስተር ፀሐይ ትባላለች፣ ነርስ ናት፤ ከጎጃም ተመድባ መጥታ እዚሁ የቀረች። ባሏ ጀዊ በሚባለው የስደተኞች ካምፕ ነው የሚሠራው፤ ቤቱ የሚገባው ለእሑድ ነው። ሲስተር እናቶችን ሰብስባ “ይህ ተረት ነው! ምልክት የሚመጣው ከአምሮት አይደለም! ሳይንስ ነው!” እያለች ስታስተምር ድምጿ አጥር ተሻግሮ ይሰማናል። እሷ እንዲህ ስትል ቆይታ፣ ዘንድሮ ራሷ አረገዘች።

ከኔ ቤት ቀጥሎ ኦባንግ አለ። ኦባንግ ብረት ሠሪ ነው፤ ለዓሳ አጥማጁ ጦር፣ ለገበሬው መቆፈሪያ ይሠራል፤ የባጃጅ ብረትም ሲሰበር ወደሱ ነው የሚመጣው። በጋ ሲሆን ግን ወናፉን ይሰቅልና ከወርቅ አጣቢዎች ጋር ዲማ ይወርዳል። ሄዶ የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ወባ ነው። ዘንድሮ ሲመለስ ግን ፊቱ ሌላ ነበር።

“ደምሴ፣ ና” አለኝ አንድ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ በአጥሩ ቀዳዳ።

“ምንድነው?”

“ና አልኩህ። አንተ አታወራም።”

አያችሁ? ጎተራ!

ብረት መቀጥቀጫ ቤቱ ስገባ በሩን ዘጋ። በጋምቤላ ሙቀት በር ዘግቶ እሳት የሚያነድ ሰው ወይ አብዷል ወይ ሚስጥር አለው። ከኪሱ እራፊ ጨርቅ አወጣ፤ ከጨርቁ ውስጥ ባቄላ የምታህል ድንጋይ አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። እጄ ወረደ። እንዲህ ትንሽ ሆኖ እንዲህ የሚከብድ ነገር ይዤ አላውቅም። ነጭ ነው፤ ነጭነቱ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ሆኖ ጎን ጎኑ ለስልሶ ያብረቀርቃል፤ ሰው ተቀምጦ የሞረደው ይመስላል።

“ዲማ ወርቅ ሳጥብ አገኘሁት፤ ብር ነው” አለኝ።

“ማን አለ?”

“ዓይኔ።”

ከዚያ ነገሩን ነገረኝ። የኦባንግ ሚስት አቻላ ትባላለች። የተጋቡት በልጅነታቸው ነው፣ በአኙዋክ ወግ፣ ለቤተሰቧ የጥሎሽ ጨሌ ተሰጥቶ። በዚያን ጊዜ ቀለበትን ማን ያውቀዋል? ዘንድሮ ግን ቤተ ክርስቲያናቸው በባህል ተጋብተው የኖሩ ባልና ሚስቶችን ሰብስቦ፣ ቀለበት አስሮ ሊባርካቸው ወሰነ። ይህ በተነገረ ዕለት ከአምልኮ በኋላ ሴቶቹ ጣታቸውን እየዘረጉ፣ ይህን ልግዛ ያንን ላሠራ ሲባባሉ፣ አቻላ እጇን መጽሐፍ ቅዱሷ ስር ደበቀች። ኦባንግ አያት።

“ለሰው ሁሉ ስቀጠቅጥ ኖሬ” አለኝ፣ “ለሷ አንድ ነገር አልሠራሁም። ቢላዋዋ እንኳን ከገበያ ነው። እሑድ ሳይደርስ አቅልጬ ቀለበት አደርገዋለሁ። ሳታውቅ። እጇን ስትዘረጋ ብቻ ታየዋለች።”

እንዲህ ያለ ሰው ምን ይሉታል? ሌላ ምክንያት ቢኖረው እስቅበት ነበር።

መጀመሪያ ሞረድ አስነካው። ሞረዱ ተንሸራተተ እንጂ አልነከሰውም። ቀጥሎ መሳያ ድንጋይ ላይ አሸው፤ ነጩ ድንጋይ ጥቁር መስመር ጻፈ። ነጭ ሆኖ ጥቁር የሚጽፍ! ከዚያ ኦባንግ መዶሻውን አንስቶ ጠፍጠፍ ሊያደርገው አንድ ጊዜ ቢመታው፣ እንደ ስኳር ድንጋይ ቋ ብሎ ለሁለት ተከፈለ።

“ብር ይሰበራል እንዴ?” አልኩት።

“ብርድ ስላለበት ነው።”

ብርድ! ጋምቤላ! በዚያ ወር ውሾቹ እንኳን ባሮ ውስጥ ቆመው ነበር የሚውሉት። ግን ብረት ሠሪው እሱ ነው፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ ዘበኛ ነኝ። ኦባንግ ብረት እንጂ ብር ሠርቶ አያውቅም፤ ለብረት ደግሞ የችግር ሁሉ መድኃኒቱ እሳት ነው። ያልታዘዘውን አሙቀው። አሁንም እምቢ ካለ፣ አሁንም አሙቀው። አንዱን ግማሽ በጨርቁ መልሶ ቋጠረና ከበሩ አጠገብ ሰቀለው፤ ሌላውን ገል ላይ አድርጎ ከሰሉ መካከል ቀበረውና ወናፉን ይነፋ ጀመር።

ትንሽ ቆየ። ነጭ ጭስ ስስ ሆኖ ተነሣ። ከዚያ አንድ ሽታ መጣ፤ የማውቀው፣ የምወደው ሽታ። ነጭ ሽንኩርት። ዘይት ውስጥ አሁን ጠብ ያለ፣ ዓሳው ገና ሊጨመርበት የተዘጋጀ ነጭ ሽንኩርት።

“አቻላ ምሳ እየሠራች ነው?” አልኩት።

“ገበያ ናት” አለኝ ወናፉን እየነፋ። “የሲስተር ቤት ይሆናል።” ቀጥሎም፣ ምራቁን ዋጥ አድርጎ፣ “ራበኝ” አለ።

እኔንም ራበኝ። መርዝ እየማግን ምሳ አማረን፤ የሰው ልጅ እንዲህ ነው።

በሩ ተንኳኳ።

“ጋሽ ኦባንግ!” ሲስተር ፀሐይ ናት።

“ሥራ ላይ ነኝ!” አለ ኦባንግ።

“ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ምን ዓይነት ሥራ ነው?”

“ብረት ነው!”

“ብረት በነጭ ሽንኩርት?”

“ምንም የሚበላ የለም፤ ሂጂ ልጄ!”

ቀጥሎ ድምጿ ለስለስ ብሎ መጣ። “ጋሽ ኦባንግ፣ ለኔ አይደለም እኮ። ትንሽ፣ በጣት ብቻ።”

“አንቺ አይደለሽ እንዴ ይህ ተረት ነው የምትይው?”

“ለሌላ ሰው ተረት ነው!” አለች ሲስተር በሩን በመዳፏ እየደበደበች። “ለኔ ግን ነጭ ሽንኩርት ነው!”

ኦባንግ ሊስቅ ፈለገ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። ሳሉ አላቆም አለው። እኔም ዓይኔ ያለቅሳል፣ ጉሮሮዬን የዛገ ሚስማር የዋጥኩ ያህል ቆጠቆጠኝ፣ ሆዴ ይታመስ ጀመር። በሩን እንክፈተው ልለው ዞር ስል ኦባንግ ወናፉን እንደያዘ በጉልበቱ ተንበርክኳል። የሚጸልይ መሰለኝ። ቀጥሎ በጎኑ ተጋደመ።

ውጭ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። ሲስተር እያለቀሰች ነው። አንድ የሚያልፍ ሰው “ምን ሆነሽ?” ይላታል። “ከለከሉኝ!” ትለዋለች። “ማን?” “ጋሽ ኦባንግና ጋሽ ደምሴ! በር ዘግተው እየበሉ ነው!” ከዚያ የሰፈሩ ሰው ጫጫታ። በዚህ ሰፈር ሰው ሠርቆ ይቅር ይባላል፤ እርጉዝ ከልክሎ ግን አይኖርም። “እናንተ ሽማግሌዎች፣ እግዜርን አትፈሩም?” ትላለች አንዷ። “ዓሳውን ብቻችሁን? ልጁ ላይ ቢወጣስ?” ትላለች ሌላዋ። እኔ በእንብርክኬ ወደ በሩ እየሄድኩ ነው፤ መቀርቀሪያው ሩቅ ሆነብኝ። አንድ ጎረምሳ “እንግዲህ አልቻልኩም!” ሲል ሰማሁ፤ በሩ ከነማጠፊያው መጣ።

ሲስተር ፀሐይ ከደጅ ሆና አንገቷን አስግጋ መጀመሪያ ያለችውን መቼም አልረሳውም።

“ድስቱስ?”

ከዚያ ኦባንግን አየችው። እላችኋለሁ፣ እርጉዝነቷ ሄደ፣ ነርስነቷ መጣ። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠቅልላ ወደ ኋላ እየሸሸች “ማንም እንዳይተነፍሰው! ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ጎትቷቸው! ወደ ነፋሱ!” ስትል ሰፈሩ ሁሉ ታዘዛት። ምራቃቸውን ለዓሳ አዘጋጅተው የመጡ ሰዎች እኛን ተሸክመው ወጡ። ውሃ አፈሰሱብን፣ ልብሳችንን ገፈፉን፣ ባጃጅ ጠሩ። ሲስተር ከበሩ አጠገብ የተሰቀለውን ቋጠሮ አይታ “ይህ ምንድነው?” አለችኝ። “ግማሹ” አልኳት። ገባት መሰለኝ፤ በላስቲክ ጠቅልላ አብራን ላከችው፣ ሐኪሞቹ የማግነውን እንዲያውቁት።

እኔ በሩ ስር በምትገባው ነፋስ ተረፍኩ። ኦባንግ ግን አፉን እሳቱ ላይ አድርጎ ነበር። ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ሲያዩት ከሰል የመሰለው ፊቱ አመድ ሆኗል። ሐኪሞቹ ስለሱ ሲነጋገሩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር፤ ሐኪም ፊቱን ሲያዞር ምን ማለት እንደሆነ ማንበብ የማልችለው እኔም አነበብኩት።

አቻላ ከገበያ ቀጥታ መጣች። አላለቀሰችም። እግሩ ስር ተቀምጣ ሁለት ተረከዙን በሁለት እጇ ያዘች፤ ሰው እንዳይሄድ የሚይዙት እንደዚያ ነው መሰል። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

“ደምሴ፣ ምን እየሠራችሁ ነበር?”

ይኸው። ስንት ሰው ስንቱን ነግሮኝ አንዲት ቃል አምልጣኝ አታውቅም። የኦባንግን ደረት አየሁ፤ ይነሣል፣ ይቆማል፣ አሁን እንደገና ይነሣ ይሆን ወይ ብላችሁ እስክትጠብቁ ድረስ ይቆማል። ሳታውቅለት ቢሄድስ?

“ቀለበት” አልኳት። “ላንቺ።”

ጣቷን አየች። ባዶውን ጣት። ከዚያ ወደሱ ጎንበስ ብላ፣ በጆሮው፣ ግን እኛ ሁላችን እየሰማን፣ “ባል ሞቶ ቀለበት ቢተርፍ የት ላድርገው? አፍንጫዬ ላይ?” አለችው። ተረከዙን ግን አልለቀቀችም። ሌሊቱንም፣ ማግስቱንም አልለቀቀችም።

እሑድ መጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ሌሎቹን ባረከ፣ ቀለበት አሠረ፣ ዘመረ። አቻላ እዚያው የሐኪም ቤቱ ወንበር ላይ ነበረች። በእሑዱ ማግስት ኦባንግ ዓይኑን ገልጦ መጀመሪያ የጠየቀው “ቀለጠ?” ብሎ ነው። ያን ጊዜ ነው አቻላ ያለቀሰችው፤ ከንዴት ይሁን ከደስታ አላውቅም፣ ትከሻውን በቡጢ እየመታች ነበር።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ስለ ድንጋይ የምታስተምር መምህርት አለች፣ ኛቦል የምትባል፣ የኑዌር ልጅ፤ አዲስ አበባ ተምራ ወደ አገሯ የተመለሰች። ሐኪሞቹ ግማሿን ድንጋይ ለሷ አሳይተዋት ኖሮ፣ ኦባንግ ቀና ብሎ መቀመጥ ሲጀምር መጣች። ድንጋዩን በመዳፏ ይዛ ስታወራ ዓይኗ ያበራ ነበር፤ ሰው እንዲህ አድርጎ የሚያወራው ስለ ልጁ ነው።

“አባባ፣ ይህ ብር አይደለም” አለችው። “ስፔሪላይት ይባላል። በዓለም ላይ እንደልብ የሚገኝ ነገር አይደለም። ውስጡ ፕላቲነም አለ፤ ፕላቲነም ማለት ከብር እጅግ የሚበልጥ ነው።”

ኦባንግ ወደኔ ዞሮ በዓይኑ “አላልኩህም?” አለኝ።

“ግን ብቻውን አይደለም። አርሴኒክ ከሚባል መርዝ ጋር ተጣብቆ ነው የኖረው። መሬት ስትሠራቸው አንድ ላይ ሠርታቸዋለች። ቀዝቅዞ ሲቀመጥ ማንንም አይጎዳም፤ ውሃ አይበላውም፣ ዝገት አይነካውም። ልትለያያቸው በእሳት ስትነሣ ግን መርዙ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ያ ነጭ ሽንኩርት የመሰላችሁ እሱ ነው።”

“መለየት አይቻልም?” አለ ኦባንግ።

“ትልቅ ፋብሪካ ይችላል። ወናፍ አይችልም።”

ኦባንግ ጥቂት አሰበና ጥርሱን ብልጭ አደረገ። “እንግዲህ ከሁለታችን ፕላቲነሙ እኔ ነኝ” አላት አቻላን።

“ይሁን” አለች አቻላ ትራሱን እያስተካከለችለት። “እኔ አርሴኒኳ ልሁን። አሙቀኝና እይ።”

ኛቦል ድንጋዩን ለተማሪዎቿ የመስታወት ቁም ሣጥን ፈለገችው። ኦባንግን ስትጠይቀው “የኔ አይደለም” አላት፤ “ቀለበቱ የሷ ነው። እሷን ጠይቂ።” አቻላ ድንጋዩን አገላብጣ አየች፤ ለረጅም ጊዜ አየች። “እዚያ ቤት እሳት አለ?” አለች። “የለም።” “እንግዲያው ውሰጂው።”

የሲስተር ፀሐይን ነገር ላልነግራችሁ ነበር? ኦባንግ ከሐኪም ቤት እንደወጣ የመጀመሪያ ሥራው ከባሮ ዓሳ አስወጥቶ፣ በነጭ ሽንኩርት አሠርቶ፣ በትሪ ተሸክሞ ደጇ መሄድ ሆነ። ልክ ክዳኑን ሲያነሣው ሲስተር አፏን ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች። ሽታው አስጠልቷታል፤ የዚያን ቀን የሆነው ሁሉ ይመጣባታል አሉ። ዓሳውን እኔ በላሁት። በኋላ ሴት ልጅ ወለደች፣ ጤነኛ፣ ጯሂ። የሰፈሩ ሴቶች አራስ ልንጠይቅ እያሉ ገብተው፣ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች እያገላበጡ የነጭ ሽንኩርት ምልክት ፈለጉ። ምንም የለም። ሲስተር “አላልኳችሁም? ሳይንስ ነው!” አለች። አንዲት አሮጊት ግን ከግራ ጆሮዋ ኋላ አንዲት ፍሬ የምትመስል ነገር አይቻለሁ ብላ እስከ ዛሬ ትምላለች። እኔ ሳይንሱንም አከብራለሁ፣ አሮጊቷንም አከብራለሁ፤ ያን ቀን ሰፈራችን ሳይንስ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሩን ማን ይሰብርልን ነበር?

ቄሳቸው፣ ፓስተሩ ማለቴ ነው፣ ሌላ እሑድ ብቻቸውን ሊባርካቸው ጠየቀ። አቻላ “በእሳት ተፈትነን ወጥተናል፤ ከዚህ በላይ ምን ሊመርቁን ነው?” ብላ መለሰችው። ግን አንድ ቀን፣ ኦባንግ ሳሉ ቀለል ሲለው፣ ሦስታችንም በባጃጅ ድንጋዩን ልንጠይቅ ሄድን። አቻላ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳለች። መስታወቱ ውስጥ፣ ጥቁር ጨርቅ ላይ፣ ብቻውን ተቀምጧል፤ ነጭ፣ ቀዝቃዛ፣ እንደ ሙሽራ የሚያበራ። ከስሩ የተጻፈውን ጥበቃው አነበበልን፤ ስሙን፣ የተገኘበትን አገር፣ መጨረሻ ላይ “ከወይዘሮ አቻላ የተሰጠ” ይላል። ጥበቃው “የቷ አቻላ ናት?” አለ።

አቻላ ጠጋ አለች። እጇን አነሣችና መስታወቱ ላይ ዘረጋችው፤ የቀለበት ጣቷ ልክ ድንጋዩ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ወዲያና ወዲህ አስተካከለችው። ኦባንግ ከኋላዋ ቆሞ በትከሻዋ ላይ ያያል።

“ልክሽ ነው?” አላት።

አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው።

“ትንሽ ይሰፋል።”

“ላጥብበው?”

“ትተወዋለህ!” አለችው፣ ክንዱን ይዛ ወደ በሩ እየጎተተችው።